በሰረዝ የተጋቡ ቃላት

በእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ውስጥ በአጭር ሰረዝ የተያያዙ ሁለት ቃላት ሲያጋጥሙን እኔና ባለቤቴ ሽማግሌ እንቀመጥ ነበር። ነገሩን ያመጣው እሱ ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት በእርሳሱ ጫፍ እያሳየኝ፣ «እነዚህ ሁለቱ ባልና ሚስት ናቸው» አለኝ። «ለየብቻ ሲሆኑ ታውቂያቸዋለሽ። አንድ ቤት ሲገቡ ግን ሌላ ሰው ሆነው ቁጭ አሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ሁለቱን ለየብቻ እናነጋግራለን። ካልገባን ጎረቤት እንጠይቃለን።» ጎረቤት የሚለው ከፊትና ከኋላ ያሉትን ዓረፍተ ነገሮች ነው።

«መዝገበ ቃላትስ?» አልኩት።

«እሱ ፍርድ ቤት ነው። ሽማግሌ ያልቻለው ነገር ብቻ ነው ፍርድ ቤት የሚሄደው።»

ባለቤቴ የመስኖ ባለሙያ ነበር። ሰኞ ገና ጎህ ሲቀድ ከአዳማ ወጥቶ ወደ አዳሚ ቱሉ ይወርድና ዓርብ ከሰዓት በኋላ ይመለሳል። እንግሊዝኛውን ያዳበረው በፓምፕ መመሪያና በሥራ ሪፖርት ስለሆነ ስለ ውሃ ግፊት ሲሆን አንደበቱ ይፈታል፤ ስለ ፍቅር ሲሆን ይጠፋበታል። እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ አማርኛ አስተማሪ ነበርኩ። እንግሊዝኛ አንብቤ እረዳለሁ፤ ብቻዬን ግን ልብ ወለድ ጀምሬ ጨርሼ አላውቅም። ልጆቻችን ትዳር ይዘው ከወጡ በኋላ ቅዳሜና እሁድ ሲረዝምብን፣ መናኸሪያው አጠገብ መሬት ላይ ላስቲክ ዘርግቶ አሮጌ መጻሕፍት ከሚሸጥ ሰው አንድ ወፍራም መጽሐፍ ገዝቶ መጣ። ሽፋኑና የመጀመሪያዎቹ ገጾች ተገንጥለው ጠፍተዋል። ስለዚህ እስከ ዛሬ ርእሱንም ደራሲውንም አናውቅም። ታሪኩ ግን ቀላል ነው። አንድ ሰው ከብዙ ዓመት በኋላ ባሕር ዳር ወዳለች የትውልድ ከተማው ይመለሳል። የሚፈልገው የአባቱን ቤት ነው፤ ቤቱ ውስጥ ግን ሌሎች ሰዎች ይኖራሉ።

አነባበባችን እንዲህ ነበር። ቅዳሜና እሁድ ጠዋት እኔ ሳልነሣ እሱ ቀድሞ ያነባል። ያስቸገሩትን ጥንድ ቃላት በእርሳስ ያሰምርባቸዋል፤ ትርጉም ግን አይጽፍም። ሰኞ ሲሄድ መጽሐፉን ለእኔ ይተዋል። እኔ በሳምንቱ ውስጥ እያነበብኩ ያሰመረበት ላይ ስደርስ ቆም ብዬ እገምታለሁ። ዓርብ ራት ላይ የእሱንም የእኔንም ግምት ይዘን እንቀመጣለን። አብዛኛውን ጊዜ ወጡ ይቀዘቅዛል።

መጀመሪያ ያስማማን ቃል በኋላ ያሳፈረን ነው። «ዌዘር ቢተን» ይላል፣ ስለ አንድ ሸምገል ያለ ዓሣ አጥማጅ ፊት ሲያወራ። ዌዘር የአየር ሁኔታ ነው፤ ቢተን የተደበደበ። አየር የደበደበው ፊት። እኔ ሳላመነታ «አየሩ አልተስማማውም ማለት ነው» አልኩ። የቤተሰቤ ግማሽ ከደጋ ወደ ስምጥ ሸለቆ ወርዶ በወባ የተንገላታ ስለሆነ ይህን ለመገመት ብዙ ማሰብ አላስፈለገኝም። ባለቤቴም ወዲያው ተቀበለኝ። እንዲያውም ጨመረበት፤ «የባሕሩ ነፋስ ነው የመታው። ሳንባውን ይዞታል» አለ።

ከዚያ በኋላ ዓሣ አጥማጁ በመጣ ቁጥር ስናዝንለት ከረምን። ሰውየው በዝናብ ጀልባውን ሲያወጣ ባለቤቴ መጽሐፉን እያየ «ኧረ ልብስ ደርብ አንተ ሰው!» ይለዋል። እኔ ደግሞ ዘመድ ካለው ለምን ወደ ደጋ እንደማይወስዱት ይገርመኝ ነበር። በየምዕራፉ ሞቱን ስንጠብቅ ሰውየው አልሞትም አለ። ጭራሽ አንድ ቀን ጎረምሶች ያቃታቸውን ጀልባ ብቻውን ጎትቶ አሸዋው ላይ አወጣና እየዘፈነ ወደ ቤቱ ሄደ።

«ይህ ሰውዬ የሳንባ በሽተኛ አይደለም» አለ ባለቤቴ በዚያ ዓርብ።

«አገግሞ ይሆናላ።»

«ምን በልቶ? ተነሽ፣ ፍርድ ቤት እንሂድ።»

መዝገበ ቃላቱ ፀሐይና ነፋስ ያጠቆረው፣ ያጨማደደውና ያጠነከረው ፊት ነው ብሎ ፈረደ። ባለቤቴ ተነሥቶ መስታወት ፊት ቆመ። ዕድሜውን በሙሉ ቦይ ዳር የቆመ ሰው ነው። ጉንጩን በመዳፉ አሻሸና «እኔን ነው እንዴ ይህን ሁሉ ጊዜ ስናስታምም የከረምነው?» አለ። ሳቄን ስጨርስ እንጀራው ደርቆ ነበር።

ከዚያ በኋላ የእኔ ተራ መጣ። «ቲን ስኪንድ» የሚል አሰመረልኝ፤ ስስና ቆዳ። ጎረቤቱን ብንጠይቅ፣ አንድ ወጣት በቀልድ ተነክቶ ከገበታ ተነሥቶ ሄዷል ይላል። ሳላስበው «ሆደ ባሻ ነው!» ብዬ ጮኽኩ። እነሱ ቆዳ ላይ ያስቀመጡትን እኛ ሆድ ውስጥ አስቀምጠነዋል። ባለቤቴ ግራ ገብቶት አየኝ። እስከዚያች ቀን ድረስ ይህ ጣጣ የእንግሊዝኛ ብቻ ይመስለው ነበር። ዓይነ አፋር፣ ልበ ሙሉ፣ አንገተ ደንዳና፣ ደመ ግቡ፣ እጀ አመድ አፋሽ እያልኩ ስደረድርለት አፉን ከፍቶ ያዳምጠኝ ጀመር። ስንት ዓመት ሙሉ ክፍል ውስጥ ያስተማርኩትን ነገር ባሌ እንደዚያ ተገርሞ ሲሰማኝ የመጀመሪያው ነበር።

«እጀ አመድ አፋሽ» አለ ቀስ ብሎ። «ይህን አንድ እንግሊዛዊ ቢያገኘው ምን ያደርጋል?»

«መጀመሪያ እጅን ያነጋግራል፣ ከዚያ አመድን።»

«ከዚያ ምድጃ የሚጠርግ ሠራተኛ ነው ብሎ ይጽፋል! አይ የኔ መምህርት፣ አየር ከደበደበው ሰውዬ ጋር ተካክሰናል።»

የኔ መምህርት የሚለኝ ሲሸነፍ ነው።

ሁልጊዜ ግን አይሸነፍም። በታሪኩ ውስጥ አንዲት የቤት ሠራተኛ አለች፤ «ላይት ፊንገርድ» ይላታል። ቀላል ጣት ያላት። እኔ ሥራ የሚፈጥንላት፣ እጇ የማያርፍ ማለት ነው ብዬ ወደድኳት። ባለቤቴ ደራሲው ሲያሞግሳት አልታየኝም ብሎ ተጠራጠረ። በሁለተኛው ሳምንት የብር ማንኪያዎች ጠፉ። የእጅ አመል ያለባት ኖራለች። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ መቀስ በጠፋ፣ ካልሲ በጠፋ ቁጥር «ያቺ ወዳጅሽ መጥታ ነበር?» ይለኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት በፋሲካ ሰሞን ፈቃድ ወስዶ ቤት ዋለ። ብዙ አነበበ፤ ብዙ አሰመረ። እኔ በበዓሉ ሥራ ተይዤ ወደ ኋላ ቀረሁ። «ደርሰሽ ጠብቂኝ» ብሎኝ ሰኞ ወደ ሥራው ወረደ። በዚያው ሳምንት ከሥራ ቦታው ስልክ ተደወለ። ልቡ ነው አሉኝ። ቦይ ዳር ቁጭ ብሎ ውሃ ሲያሳልፉ እያየ ነበር፤ ሲጠሩት አልተነሣም።

የለቅሶውን ነገር ብዙ አልጽፍም። ሰው ሲቀንስና ድንኳኑ ሲነሣ መጽሐፉን ራስጌዬ አገኘሁት። እኔ ከደረስኩበት ገጽ ወዲያ የእሱ መስመሮች ይቀጥላሉ። ስገልጥ ስገልጥ ሄጄ አንድ ቦታ ላይ መስመሮቹ ይቆማሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ገጽ ሁሉ ንጹሕ ነው። እሱ የደረሰው እስከዚያ ድረስ ነው ማለት ነው። መጽሐፉን ዘጋሁትና መስመሮቹ እስካላለቁ ድረስ ሽምግልናችን አላለቀም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። አንድ ጥንድ ቃል ባገኘሁ ቁጥር ገና አንድ ዓርብ አለን። ስለዚህ አውቄ ማዝገም ጀመርኩ። አንድ ገጽ አንብቤ መልሼ ያንኑ ገጽ አነባለሁ። ቃሉን ካወቅሁት በኋላም እንዳላወቅሁት ሆኜ እቆያለሁ።

ይህን ስሠራ ከግቢያችን ማዶ የሚኖሩ አንዲት እናት ደረሱብኝ። ሊያጽናኑኝ በየቀኑ ብቅ የሚሉ ሴት ናቸው። ነጠላዬን ተከናንቤ፣ መጽሐፉ ላይ አቀርቅሬ፣ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አዩ።

«ዳዊት ነው ልጄ?»

«ንባብ ነው እማማ፣ ይግቡ።»

«ጎሽ። እንዲህ ነው እንጂ። ለነፍሱ አንብቢለት።» ጠጋ ብለው አዩ። «እርሳሱ ግን ምንድን ነው?»

«የደረስኩበት እንዳይጠፋኝ ነው።»

በሳምንቱ ሰፈሩ ሁሉ ለባሏ ነፍስ ቀን ከሌት ትደግማለች ይል ጀመር። አንዷ ጎረቤቴ ጧፍ አመጣችልኝ። ምን ልበላት? ተቀበልኳት። አመሻሹ ላይ መብራት ሲሄድ በዚያው ጧፍ አነበብኩ። ባለቤቴ ይህን ቢሰማ ምን ያህል እንደሚስቅ እያሰብኩ ነው ያነበብኩት።

ዓርብ ዓርብ ራት ላይ ሁለታችንንም ሆኜ እከራከር ነበር። የእኔን ግምት እናገራለሁ፤ ቀጥዬ እሱ ምን ይል ነበር ብዬ የእሱን እናገራለሁ። ግን ሁልጊዜ አሸንፈው ነበር። በሕይወት ሳለ እንደዚያ በቀላሉ ተሸንፎልኝ አያውቅም። ይህ ነገር ከብቸኝነቱ ይልቅ ያናድደኝ ጀመር።

የቱንም ያህል ባዘግም መጨረሻው መምጣቱ አልቀረም። የመጨረሻው መስመር ያለበት ገጽ ላይ ስደርስ ሳላነበው ዘጋሁትና ቁም ሳጥን ማጽዳት ያዝኩ። ከዚያ መጋረጃ አጠብኩ። ከዚያ ማንም ያልጠየቀኝን ምስር ለቀምኩ። እውነቱን ለመናገር ከዚያ ቃል ብዙ ጠብቄ ነበር። የተወልኝ የመጨረሻ ቃል ስለሆነ አንድ ነገር የሚለኝ መስሎኝ ነበር። በመጨረሻ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ከፈትኩት።

«ኒ ዲፕ» ይላል። እስከ ጉልበት የሚያሰምጥ። ስለ ጭቃ ነው። ሰውየው በዝናብ ወደ አባቱ ቤት ሲሄድ መንገዱ ጭቃ ሆኖበታል።

ሽማግሌም ፍርድ ቤትም የማያስፈልገው ቃል ነው። ለምን እንዳሰመረበትም እርግጠኛ አይደለሁም። ጭቃ የሚያውቅ ሰው ስለሆነ ደስ ብሎት ይሆናል። ከቀብሩ ቀን ይልቅ ያን ቀን አለቀስኩ። ገጹን ስገልጥ የሚቀጥለው ንጹሕ ነበር። መጽሐፉን ቁም ሳጥኑ አናት ላይ፣ ወንበር ካልቆምኩ የማልደርስበት ቦታ አስቀመጥኩት፤ ከዚያም ለብዙ ወራት አልነካሁትም።

የባለቤቴ ታናሽ እህት ዓለም ጤና ላይ ሽንኩርት ትነግዳለች። ከሙት ዓመቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ደወለችልኝ። ስለ ዝግጅቱ ልታወራኝ መስሎኝ ነበር።

«እትዬ፣ አካም ነሽ? ደህና ነሽ? አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እንዳትቆጪኝ።»

«ምን እቆጣለሁ፣ ጠይቂኝ።»

«ሰውዬው ቤቱን አገኘ?»

አእምሮዬ ዘመድ አዝማዱን ሁሉ ዞረ። «የቱ ሰውዬ?»

«ያ የባሕሩ ነዋ! የአባቱን ቤት የሚፈልገው!»

ባለቤቴ ዓርብ ሲመለስ ዓለም ጤና ወርዶ እሷ ዘንድ ምሳ እንደሚበላ አውቅ ነበር። ምሳውን እየበላ መጽሐፉን እንደሚተርክላት ግን አላውቅም ነበር። ለካ ያን ዓሣ አጥማጅ እሷም አብራን አስታማለች። ማንኪያ ስትሰርቅ የነበረችውን ሠራተኛ ከእኔ ቀድማ ጠርጥራ ኖራለች።

«የመጨረሻውን ሰኞ ሲወርድ ሚኒባሱ እዚህ ሰው ሊጭን ቆመ» አለች። «ሮጬ ሄድኩ፣ በመስኮት ነገረኝ። ‹ዝናብ ነው፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ገብቷል› አለኝ። ‹ከዚያስ?› አልኩት። ረዳቱ በሩን ዘጋው፤ ሄዱ።»

ከስልኩ ማዶ ሽንኩርት የሚጭን መኪና ድምፅ ይሰማኛል።

«እኔም እዚያው ጭቃው ውስጥ ነው የተውኩት» አልኳት።

«አንቺም? እና ይኸን ሁሉ ጊዜ ሰውየው እንደ ቆመ ነው?» ድምፅዋ ተለወጠ። «አቦ እትዬ! ወንድሜስ አልቻለም፣ አንቺ ምን ሆነሽ ነው? በብርድ ይሙት?»

ስልኩን ስዘጋ ወንበር ጎትቼ ወጣሁ።

ያልተሰመረበትን ገጽ ማንበብ ያስቸገረኝ እኔ ባሰብኩት መንገድ አልነበረም። ቃላቱ አልከበዱኝም። ዓይኔ ግን ገጹ ላይ የሚያርፍበት እያጣ ይንሸራተታል። እሱ የቱ ላይ ይቆም ነበር እያልኩ አንዱን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ አነባለሁ። ቢሆንም ሰውየውን ከጭቃው አወጣሁት፤ በሩን አንኳኳ፤ አንዲት ሴት ከፈተችለት። ስለዚህች ሴት «ሶፍት ስፖክን» ይላል። ለስላሳና ተናጋሪ። ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም ያላሳየኝ ጥንድ ቃል ነው። ዓርብ ሲደርስ መጽሐፉን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወደ ዓለም ጤና ሄድኩ።

የባለቤቴ እህት ጥላ ሥር የሽንኩርት ክምር ፊት ተቀምጣ የተበላሸውን ትለቅማለች። ባዶ ጆንያ አነጠፈችልኝ። ሰላምታውም ልቅሶውም ካለፈ በኋላ እስከ በሩ ድረስ ያለውን ተረክሁላት።

«ሴትየዋ ምን ዓይነት ናት?» አለች።

«ረጋ ያለች። ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ ጥሩ ሴት ናት።»

«ሰው ቤትሽ የአባቴ ነው እያላት ቀስ ብላ ነው የምትናገረው?»

«አዎ።»

«በቃ፣ አፈ ቅቤ ናት። ቤቱን አትሰጠውም።»

«አፈ ቅቤ ሌላ፣ ይህ ሌላ! ይህ የጠባይ ነገር ነው። ሻይ እንኳን አፈላችለት።»

«ጠጣው?»

«ጠጣ።»

«ሞኝ!» አንድ የበሰበሰ ሽንኩርት ወደ ኋላዋ ወረወረች። «እትዬ፣ አንቺ ሕፃናት ስታስተምሪ ነው የኖርሽው። እኔን የሚጮኽብኝ ነጋዴ አታሎኝ አያውቅም። ቀስ ብሎ የሚያናግረኝ ነው ሚዛኔን የሚያዛባው።»

«ስለዚህ ረጋ ያለ ሰው ሁሉ ሌባ ነው?»

«ሁሉም አላልኩም። ይህቺኛዋ ናት።»

«ሳታነቢያት?»

«አንቺ አንብበሽስ ያቺን ማንኪያ ሰራቂ ጎበዝ አላልሻትም?»

ይህንንም ነግሯታል! ወዲያው አንድ ሰውዬ መጥቶ ሽንኩርቱ ስንት ነው አላት።

«ቆየኝ ወንድሜ፣ እዚህ የቤት ክርክር ይዘናል።»

ሰውየው ፊቱን ከበድ አደረገ። ጥቁር ልብሴን አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ካርታው በማን ስም ነው?» አለ።

እኔና እሷ ተያየን። ይህን ያህል ወር ስንከራከር፣ ከነባለቤቴ፣ አንዳችንም ካርታውን አላነሣንም። ሰውየው ሽንኩርቱን ይዞ፣ ጠበቃ እንድንይዝ መክሮን ሄደ።

ሳቃችን ሲበርድ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «ወንድሜ ቢሆን ምን ይል ነበር?»

ቤቴ ውስጥ ስንት ዓርብ ስመልሰው የነበረ ጥያቄ ነው።

«አላውቅም» አልኳት። «እዚህ አልደረሰም።»

ራሷን ነቀነቀች። ጥሩ ጥሩውን መርጣ ሽንኩርት በፌስታል ሞላችልኝና እስከ አስፋልቱ ሸኘችኝ። ወደ ሞጆ የሚሄድ ሚኒባስ ቆመ። ከገባሁ በኋላ መስኮቱን በጣቷ አንኳኳች።

«አትሰጠውም!»

«ትሰጠዋለች!»

«ታያለሽ እትዬ፣ አትሰጠውም!»

ሚኒባሱ ሲነሣ ንዴቴ አልበረደም ነበር። ሰውን በድምፁ ብቻ እንዴት ይፈርዱበታል? ሴትየዋ ከሻዩ ጋር ዳቦ እንዳቀረበችለት አስታውሳለሁ፤ ይህን ሳልነግራት መቅረቴ ቆጨኝ። ፌስታሉን እግሬ ሥር አስቀምጬ መጽሐፉን አወጣሁና ያቺን እልኸኛ የምረታበት ማስረጃ ፍለጋ ገባሁ። ሴትየዋ ለሰውየው ደረቅ ካልሲ ሰጠችው፤ ይሄ አንድ። የአባቱን ፎቶ ከግድግዳው እንዳላወረደች ነገረችው፤ ይሄማ ያለቀለት ነው። አንዳንድ ቦታ ጥንድ ቃላት አጋጠሙኝ፤ ሁለቱን አነጋግሬ፣ ጎረቤት ጠይቄ አለፍኩ። ረዳቱ «ሞጆ ወራጅ!» ሲል ቀና አልኩ፤ ምን ያህል ገጽ እንደሄድኩ ለማየት ወደ ኋላ ስገልጥ አንዱም ላይ መስመር አልነበረም።